የበገና ደርዳሪ እጅ

በገና ለሚደረድር ሰው ዐቢይ ጾም የሥራ ወራት ነው። እኛም ቀን በችሎት ተቀምጠን የባለጉዳይ ቃል ስንጽፍ ውለን፥ ማታ ከቤታችን ስንገባ ዐሥሩን አውታር ቃኝተን እስከ እኩለ ሌሊት መደርደርን ልማድ አድርገነው ነበር። ባለፈው ጾም በሁለተኛው ሳምንት የግራ እጃችን አውራ ጣት፥ ሌባ ጣትና መሐል ጣት እየደነዘዙ ከእንቅልፋችን ይቀሰቅሱን ጀመር። ዳሩ ግን ብዕር የሚይዘው ቀኝ እጃችን ደኅና ነበርና ለባለቤታችን እንኳ ሳንናገር ዝም አልን።

ይህን ዝምታ ከልጅነታችን የተማርነው ይመስለናል። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በጦሩ የያሬድን እግር ወግቶ፥ ደሙ እስኪፈስ ሁለቱም አላወቁም የሚለውን ታሪክ በዜማ ቤት ሰምተናል። ይህ ግን ለቅዱሱ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ እኛ ሕመማችንን እያወቅን ነበር የደበቅነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ሃርሞኒየም ያስተማሩን መምህር የጀርመናዊውን የሮበርት ሹማንን ነገር ነግረውናል። ሹማን በላይፕሲክ የጀመረውን የሕግ ትምህርት ትቶ ፒያኖ ያዘ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ዓ.ም. ገደማ የቀኝ እጁ ጣት አልታዘዝ ስላለው፥ ፒያኖ ተጫዋች የመሆን ተስፋውን ትቶ ዜማ ወደ መድረስ ዞረ። ምክንያቱ ጣቱን ለማጠንከር የተጠቀመበት መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ። መምህራችን ይህን የነገሩን ትጋትን ለማመስገን ነበር፤ እኛም እንደዚያው ያዝነው።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ የውርስ ክርክር ሲሰማ፥ ለዳኛው የምናቀርበው መዝገብ ከግራ እጃችን ሾልኮ ወደቀ፤ ወረቀቱም በተከራካሪዎቹ እግር ሥር ተበተነ። ዳኛው ምንም አልተናገሩም። ከወቀሳ ይልቅ ያ ዝምታቸው አሳፈረን። በዚያው ማታ ባለቤታችን፥ «ኩባያውን በሁለት እጅዎ መያዝ ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ያላየሁ መስሎዎት ነው?» አለችን።

ሐኪሙ በእጅ አንጓ ውስጥ በጠባብ መንገድ የሚያልፍ ነርቭ መጫኑን አስረዱን። አንጓው ታጥፎ ብዙ ሲቆይ ያ መንገድ ይጠባል፤ ጣቶችም ይደነዝዛሉ፤ ቸል ቢሉት በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይመነምናል። ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ አዘዙልን፤ በገናውንም ለስድስት ሳምንት እንድንተው ነገሩን።

ማሰሪያው ቀላል ነበር። በገናው ከግድግዳ ተደግፎ ስናየው ግን ቍጡ ሆንን፥ ምግብም አስጠላን። በሰሙነ ሕማማት በሽማግሌዎች ፊት ልንደረድር ቃል ሰጥተን ስለ ነበር ይቅርታ ልከን ቀረን። እውነቱን ለመናገር፥ ያን ያህል ሌሊት የደከምነው ከትጋት ብቻ አልነበረም፤ በሰው ፊት ስንቀመጥ ልባችን ይመታል፥ ጣታችንም ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ፍርሃት በልምምድ ብዛት የምናሸንፈው መስሎን ነበር። ይህን ለሐኪሙ አልነገርናቸውም።

በዚያ ሥራ ፈትነት የማኅሌቱን ሥርዓት አሰብን። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙት በመቋሚያ ተደግፈው ነው። ደግሞም ቀኝና ግራ ተከፍለው ስለሚቀባበሉ፥ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ትንፋሹን ይሰበስባል። በልጅነታችን ይህ ሁሉ ለማማር ብቻ ይመስለን ነበር። በገና ደርዳሪ ግን ብቻውን ነው፤ የሚቀበለው ወገን የለውም።

አሁን ሩብ ሰዓት ደርድረን በገናውን ለትልቋ ልጃችን እንሰጣለን። እርስዋ ስትደረድር እጃችንን በጉልበታችን ላይ ዘርግተን እንሰማለን። አንዱ አውታር ሲረግብባት ግን እጃችን ወደ መቃኛው መሄዱን አልተወም፤ እርስዋም ቀና ሳትል፥ «አባባ፥ ተራው የኔ ነው» ትለናለች።