ፀሐይዋን አየኋት፤ ሰፈሬስ የታለ?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ከእንጦጦ ያነሳሁትን የማለዳ ፎቶግራፍ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አስተካክላ፣ ስልኩን አንዴ አቅርባ አንዴ አርቃ ተመለከተችው። «ፀሐይዋን አየኋት» አለችኝ፤ «ሰፈሬስ የታለ?»

እውነቷን ነው። ከምስሉ መሃል ነጭ የብርሃን ጠብታ አለ። ከሥሩ አዲስ አበባ እንደ ጥቁር ምንጣፍ ተዘርግታለች። አድማሱ ፎቶውን እኩል ለሁለት ከፍሎታል፤ እሱም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ የለፋሁት ለዚህ ነበር።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው፣ እኛንም ያሳደገችን አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ስለ ድሮው ቤት ብዙም አታነሳም። ስለዚህ ጥያቄዋ ከነከነኝ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ እሷንና የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ተራራው ተመለስኩ።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ ከሚሳሳበት ገላጣ ቦታ ቆምን። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ስህተቴ የገባኝ እዚያ ነው። ከእንጦጦ ሲታይ ከተማው በደቡብ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በግራ በኩል ትወጣለች። በሰኔ ወደ ሰሜን አዘንብላ ከከተማው ትርቃለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ቀረብ ትላለች። ያም ሆኖ ብቅ የምትለው ከየረር ተራራ በስተግራ ስለሆነ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ሩቅ ናት። ሁለቱን በአንድ ፎቶ አስገባለሁ ስል ሁሉንም አሳንሼ ነበር።

12 ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ ልጄ ጮኸ። «አባዬ፣ ሕንፃዎቹ በአንድ ጎን ቀሉ!» ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ መስታወቱ በግራ በኩል ፍም መስሏል። ከሥሩ የማለዳው ጭስና ጭጋግ ተደራርቦ ተኝቷል። ፀሐይዋን ትቼ ስልኩን ወደ ብርሃኗ ማረፊያ አዞርኩ። ነገሩ ያለው ከተማው ላይ እንጂ ሰማዩ ላይ ስላልነበር፣ አድማሱን ከፍ አድርጌ ለሰማዩ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ተውኩለት።

እናቴ በዚህ መሃል ተነስታ ቆማለች። «ከረጅሙ ሕንፃ ወዲህ… ጊዮርጊስ እዚያ ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ የእኛ ግቢ» አለች፣ እጇን ዘርግታ። እኔ ከጭጋግ በቀር የታየኝ የለም። ግን ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና እሷን በቀኝ ዳር፣ የተዘረጋ እጇን ወደ ምስሉ መሃል አድርጌ አስገባኋት። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነክቼ፣ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሼ አነሳሁ።

ልጆችና ወላጆቻችሁን ይዛችሁ መሄድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራ ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ለአረጋውያን መቀመጫ፣ ለሁሉም ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ያዙ። ልጆች ፀሐይዋን ትኩር ብለው እንዳያዩ ተቆጣጠሩ። ከፊት ለፊት ደግሞ ሰው ይኑር፤ ከተማው ትልቅ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ፎቶውን አሳጥቤ እናቴ ቤት ሰቀልኩት። ባለፈው እሑድ ቡና የጠራቻት ጎረቤት አየችውና «ፀሐይ ስትወጣ ነው አላላችሁም? የታለች ታዲያ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ ተነሳች። ጣቷን ጭጋጉ ላይ አሳርፋ፣ «እሷን ተያት፤ ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» አለችና ስለ ግቢው ማውራት ጀመረች። ሦስተኛው ቡና እስኪቀርብ አላበቃችም።