ስለ መመዝገብና ስለ መማር

ትምህርት ቤት መግባትና መማር አንድ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የስም መዝገብ ይዤ በየማለዳው ከተማሪዎች ፊት ስለ ቆምሁ፥ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ አውቃለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መምህር ስም ሲጠሩ፥ «አቤት» ያለውን ልጅ ፊቱን ሳያዩ ከስሙ አጠገብ ምልክት አያደርጉም ነበር። ጓደኛ ስለ ቀረው ጓደኛው ድምፁን ለውጦ «አቤት» እንደሚል ያውቁ ነበርና። ይኸን ልማድ እኔም ከርሳቸው ወረስሁ።

ወጣቶች ሆይ፥ ይኸን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ አገር አስተማሪና ተማሪ በአንድ ክፍል ሳይቀመጡ በኮምፒዩተር ብቻ የሚገናኙባቸው፥ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ይመዘገባል፥ ይማራል፥ ይፈተናል። ለታመመ ልጅ ወይም ቀን ሠርቶ ማታ ለሚያጠና ወጣት ይህ መልካም በር እንደሆነ አልክድም። በ1997 የተመሠረተው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የፍሎሪዳ ቨርቹዋል ስኩል ገንዘብ የሚያገኘው ተማሪው የያዘውን ትምህርት በሚገባ ሲፈጽም ነው፤ ይኸን ሥርዓት ያወጣው ሰው መዝገብ የያዘ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

በብዙ ቦታ ግን ገንዘቡ የሚከተለው የተመዘገበውን ስም ነው። ሴት ልጄ የምትኖረው፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባት በኮሎምበስ ከተማ፥ በኦሃዮ ግዛት ነው። በዚያው ከተማ ኤሌክትሮኒክ ክላስሩም ኦፍ ቱሞሮው የሚባል ትምህርት ቤት በ2000 ተከፍቶ፥ ውሎ አድሮ ከ15,000 በላይ ተማሪዎች እንዳሉት ይቈጥር ነበር። በ2016 የግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት፥ «እነዚህ ልጆች በእውነት ስንት ሰዓት ተማሩ?» ብሎ ማስረጃ ቢጠይቅ፥ ከ15,300 ያህሉ ስም የሙሉ ጊዜ ተማሪነቱ የተረጋገጠው 6,300 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመልስ ታዘዘ። ትምህርት ቤቱም፥ ሕጉ የሚያዘን ትምህርቱን እንድናቀርብ ነው እንጂ ልጁ ስንት ሰዓት እንደ ተማረ እንድናስመሰክር አይደለም ብሎ ተከራከረ። ይኸን ባነበብሁ ጊዜ፥ «እኔ ማዕዱን አቅርቤአለሁ፤ እንግዳው ይብላ አይብላ ምን አገባኝ» ብሎ ሒሳብ የሚጠይቅ ባለ ሆቴል ታየኝ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ለመሥሪያ ቤቱ ፈረደ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከፍርዱ አስቀድሞ፥ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ፥ በትምህርቱ ዘመን እኩሌታ ተዘግቶ 12,000 ያህል ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ፈላጊ ሆነው ነበር።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድ ብቻ ነው እንዳይባል፥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡት ጥናት አለ። በእንዲህ ያሉት የኢንተርኔት ትምህርት ቤቶች የሚማሩትን ልጆች በዕውቀትና በኑሮ ከሚመስሏቸው የመደበኛ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ቢያስተያዩአቸው፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በንባብ የ72 ቀን፥ በሒሳብ የ180 ቀን ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው አገኙአቸው። የትምህርቱ ዓመት ራሱ 180 ቀን መሆኑን አስተውሉ! በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናትም፥ ተማሪው ከአስተማሪው ጋር በሳምንት በቀጥታ የሚገናኝበት ሰዓት፥ ሌላው ልጅ በአንድ ቀን ከሚያገኘው እንደሚያንስ ገልጿል።

በልጄ ቤት አንድ ክረምት በተቀመጥሁ ጊዜ የልጅ ልጄ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሰባተኛ ክፍል ይማር ነበር። ማለዳ ኮምፒዩተሩን ይከፍታል፤ በስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄዶ እንቁላል ይጠብሳል። «አንተ ልጅ፥ ትምህርቱስ?» ብለው፥ «አባባ፥ እኔ እኮ አለሁ» ብሎ ነጥቧን አሳየኝ። ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ ማንም ፊቱን አያይም እንጂ። በሒሳብ ከመቶ 90 የሚያመጣውም ያንኑ ጥያቄ እስኪያገኘው ድረስ እየደጋገመ ስለሚሞክረው ነበር፤ በወረቀት አንድ ስድስተኛና አንድ አራተኛ ደምር ብለው ዝም አለ።

ማታ ለእናቱ ነገርኋት። «አባዬ፥ እኔ ሌሊት ሠርቼ ቀን እተኛለሁ፤ መቼ ልየው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እነዚያ ትምህርት ቤቶች የአስተማሪውን ሥራ በወላጅ ላይ መጣላቸውን ተመራማሪዎቹም ጽፈውታል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ደመወዟ ቢቀንስም ሥራዋን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛውራ፥ ጠዋት ጠዋት ከጎኑ መቀመጥ ጀመረች፤ ሒሳቡንም ፊት ለፊቷ በወረቀት ታሠራው ጀመር። መጀመሪያ በሰጠችው ፈተና ከመቶ 62 አገኘ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ከነስርዝ ድልዙ አሁንም አለኝ።