ባዶ ክረምት

ጃፓንኛ የምማረው በስልኬ ነው፤ አራት ኪሎ ድል ሐውልቱ ጋ ታክሲ እየጠበቅኩ፣ በቀን አምስት ቃል። ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ትምህርት ስለ ድርቅ ነበር።

«ካንባፁ» ድርቅ ነው፤ የዜና ቃል። «ሂዴሪ» ፀሐይ ያለ ፋታ ስታከርር ነው። ሰኔ አካባቢ የሚገባው የዝናብ ወቅታቸው «ፁዩ» ይባላል፤ ወቅቱ ደርሶ ዝናቡ ሲቀር ደግሞ «ካራፁዩ» ይሉታል፣ ባዶ ክረምት እንደማለት። «አማጎይ» ዝናብ ልመና ነው፤ የኛ ምህላ። ያሳቀኝ «ሚዙ ኪኪን» ነው፦ የውሃ ረሃብ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈራችን ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

ማታ ጀሪካን ስንሞላ ለአያቴ ነገርኳት። የወሎ ልጅ ናት። «ካራፁዩ»ን ስተረጉምላት ዝም ብላ ሰማችኝ።

«እናንተ ሀገርስ ምን ይባላል?» አልኳት።

«ሰባ ሰባት።»

«እማማ፣ ቃሉን ነው እኮ የጠየቅኩሽ፤ ዓመቱን አይደለም።»

«ቃሉን ነዋ የነገርኩሽ።»

እውነቷን ነው። «ድርቅ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ዝናብም ጠፍቶ ሕዝብ የረገፈበት ዘመንም ስሙ «ክፉ ቀን» ነው። ጃፓንኛው ሰማዩን ሲሰይም የኛ ሰው ቀኑን ሰየመ።

ደግሞም ሰማይ ብቻውን አይገድልም። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍ ስታከብር፣ ኮረም ላይ ሰው እየሞተ ነበር። ዓለም በቢቢሲ ያየው በጥቅምት ነው። «ዝናብ ቀረ» የሚል ቃል ይህን ሁሉ አይነግርም። ዓመቱ ግን ይነግራል።

አያቴን ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት፣ «ከሰባ ሰባት በፊት አራት፣ ከሰባ ሰባት በኋላ ሁለት» ትላለች። ልጅ ሆኜ፣ ስድስት ወልዳለች ማለት ነው ብዬ ደምሬው ነበር። ለካ መቀነስ ነበረብኝ። እናቴ ከተረፉት ከሁለቱ አንዷ ናት።

የዚያን ማታ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌሎቹን ስም ጠየቅኳት። ቧንቧውን ዘጋችና ነገረችኝ። አንዱ የኔ አጎት፣ አንዷ አክስቴ። ከዚያ እንደገና ከፈተችው፤ ውሃው ሳይሄድ የቀረውን ጀሪካን ሞላን።