የቦራ ዕዳ

ሰው ለወላጁ ስጦታ ይዞ ሲሄድ ደስታን እንጂ ጉዳትን ይዞ እንደሚሄድ አያስብም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጥሬ ደመወዝ ካገኘሁ ወዲህ፣ ለዓመት በዓል ባዶ እጄን ወደ እርስዋ ሄጄ አላውቅም። ስኳሩን፣ ቡናውን፣ ሳሙናውን ባለሱቁ በየፌስታሉ አድርጎ ሲሰጠኝ፣ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ወደ ደጅዋ ስገባ ትልቅ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ዕቃው ካለቀ በኋላ ፌስታሉ ወዴት እንደሚጣል ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም።

እናቴ ቦራ የምትባል አንዲት ላም ነበረቻት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦራ መብላት ትታ፣ ሆድዋ ተነፍቶ ሰነበተችና እኔ ለፋሲካ ሄጄ ሳለሁ ሞተች። ጎረቤቶች ቆዳዋን ገፍፈው ሆድዋን ቢከፍቱት፣ ከጨጓራዋ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ የፌስታል ክምር ወጣ። ከመካከሉም የሰፈሬ ባለሱቅ የሚሰጠኝን ባለ ሰማያዊ መስመር ፌስታል ለይቼ ዐወቅሁት። እናቴ «ከብት ነው፤ ያልፋል። አንተን ያቆይልኝ» ብላ ዝም አለች። እኔም ያየሁትን ሳልነግራት ተመለስሁ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ጥርሴን ታምሜ ወደ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ የተቦረቦረውን ጠርጎ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር ሞላበትና፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ መሣሪያ ለሃያ ሰከንድ ያህል አቀረበበት። ሊጡም እንደ ድንጋይ ጠነከረ። «ይህ ምንድር ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የተፈጨ መስተዋት የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ነው» አለኝ። ደነገጥሁ። የእናቴን ላም የገደለው ነገር ዘመዱ በአፌ ውስጥ ሆኖ ሊያኝክልኝ ነውና። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ኬሚስትሪ እወድ ስለ ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን እየፈለግሁ አነብ ጀመር።

ፕላስቲክ የአንድ ነገር ብቻ ስም አይደለም። ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ፖሊመር ይባላሉ፤ የሰንሰለቱንም ጠባይ የሚወስነው ዶቃው ብቻ ሳይሆን ማያያዣው ጭምር ነው። በፌስታል ሰንሰለት ውስጥ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተቆላለፈ ስለ ሆነ፣ ውሃ አይፈታውም፤ የአፈር ተሐዋስያንም የሚነክሱበትን ቦታ አያገኙም። ለጥርስ መሙያው መሠረት የሆነውን ሙጫ ራፋኤል ቦወን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። በኋላም ከካምፎር የሚገኝ ቢጫ ቅመም ተጨመረበት፤ ይህ ቅመም ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ይነቃና ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እንዲተሳሰሩ ያደርጋል።

ልቤን ይበልጥ የነካው ግን የዋላስ ካሮዘርስ ታሪክ ነው። ይህ ኬሚስት በ1928 የሐርቫርድ መምህርነቱን ትቶ፣ ዊልሚንግተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ለዱፖንት ኩባንያ ምርምር ጀመረ። በ1930 ባልደረባው ጁልያን ሂል ፖሊኤስተር የተባለውን ቅመም አቅልጦ በዘንግ ቢስበው፣ እንደ ሐር ክር ሆኖ ተመዘዘ። ዳሩ ግን ክሩ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ፣ ሙቅ ውሃም የሚያበላሸው ስለ ነበር ለልብስ አይሆንም ተብሎ ተተወ። በ1932 ካሮዘርስና ባልደረቦቹ ከላክቲክ አሲድ፣ ማለት እርጎን ከሚያኮመጥጠው አሲድ፣ እንዲህ ያለ ሰንሰለት እንደሚገኝ በጽሑፍ ገለጡ። የተፈለገው ግን የማይበገር ነገር ነበርና በ1935 ናይሎን ተሠራ። ካሮዘርስም ናይሎን ለሕዝብ ሳይገለጥ በ1937፣ በ41 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

በውሃ መፈታቱ እንደ ነውር የተቆጠረበት ያ ጠባይ ከብዙ ዓመታት በኋላ ክብር አገኘ። በ1960ዎቹ ከላክቲክ አሲድ የተሠራው ሰንሰለት በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ተፈትቶ እንደሚጠፋ ታወቀ፤ በ1970ዎቹም ከዚሁ ወገን የሆኑ የቀዶ ጥገና ክሮች በየሆስፒታሉ ገቡ። ባለቤቴ ልጃችንን በቀዶ ጥገና በተገላገለች ጊዜ የተሰፋችው እንዲህ ባለ ክር ነው። ክሩ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ያዘ፤ ከዚያም ማንም ሳያወጣው ጠፋ።

በመዝገብ ቤት ሥራ አንዳንዱ ፋይል ለዘለዓለም ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ጊዜው ሲያልፍ ይወገዳል። ጥፋት የሚሆነው ሁለቱን ማምታታት ነው። የጥርስ መሙያ ብዙ ዘመን ቢቆይ መልካም ነው፤ የቁስል ክር ሲበቃው መሄድ ይገባዋል። ከሱቅ እስከ ቤት ለአንድ ሰዓት የሚያገለግል ፌስታል ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ መቆየቱ ግን ምን ጥቅም አለው?

ይሁን እንጂ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ አያታልለን። ከላክቲክ አሲድ የሚሠራው ፕላስቲክ ቶሎ የሚበሰብሰው ሙቀቱ 60 ዲግሪ ያህል በሆነ፣ እርጥበትም ባለው የብስባሽ ማዘጋጃ ነው። በደጋ ማሳ ላይ ቢጣል ለዓመታት ይቆያል፤ በላም ሆድም ቶሎ አይፈታም። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ፌስታል ለማምረትና ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ አዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል። ሕግም ኬሚስትም የየድርሻቸውን ይሠራሉ፤ የእኔን ድርሻ ግን ማንም አይሠራልኝም።

ስለዚህ ባለፈው የገና በዓል ስኳሩንና ቡናውን በዘንቢል ይዤ ሄድሁ። እናቴ «የአያትህን ዘንቢል አስታወስኸኝ» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ በቦራ ሆድ ውስጥ ያየሁትን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እኔም ያን ቀን ዐውቄዋለሁ፤ አንተ አመጣኸው፣ እኔ ከጓሮ ጣልሁት። ታዲያ ማን ማንን ይወቅሳል?» አለችኝ።

ስነሣም ዘንቢሉን አራግፋ ባዶውን መለሰችልኝ፤ ለሚመጣው በዓል ይዤው እንድመጣ።