ከባንዲራ የቀደመ ፈተና

እስቲ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ስለ ፈተና እንጫወት። ስለኛው ማትሪክ አይደለም፤ እሱ በየቤቱ ሲወራ የሚከርም ነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን። የዛሬው ወሬዬ አምስት አገሮች በጋራ ስለሚያወጡት ፈተና ነው፦ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ሴራሊዮን፣ ጋምቢያና ላይቤሪያ። ድርጅቱ የምዕራብ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት ይባላል፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም አክራ ነው። የሌጎስ እናት ልጇ ለዚህ ፈተና የሚቀመጥበት ዓመት ሲደርስ የምትጨነቀውን ጭንቀት የአዲስ አበባም ሆነ የደሴ እናት ሳይነገራት ታውቀዋለች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምክር ቤቱ የተቋቋመው በ1952 ነው (ከአገራችን ወሬ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው)። ጋና ነጻ የወጣችው በ1957፣ ናይጄሪያ በ1960፣ ሴራሊዮን በ1961፣ ጋምቢያ በ1965 ነው። የራሳቸውን ባንዲራ ሳይሰቅሉ የጋራ ፈተና ድርጅት ነበራቸው ማለት ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይኼ ነው።

ከዚያ በፊት ጥያቄው ከካምብሪጅና ከለንደን ይመጣ ነበር። ተማሪው የጻፈው ወረቀት በመርከብ ተጭኖ ባሕር ይሻገርና እንግሊዝ አገር ይታረማል። ርቀቱ ብቻ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር። ጥያቄ የሚያወጣው ሰው ግን መምህሩ ምን እንደሚያስተምርም ይወስናል። «ቲቸር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?» ተብሎ ያልተጠየቀ አስተማሪ እስቲ ካለ ይንገረን! ለፈተና የማይመጣ ትምህርት ክፍል ውስጥ ጆሮ የሚሰጠው የለም። የእንግሊዝ ነገሥታት ታሪክ የሚመጣ ከሆነ የሚጠናው እሱ ነው፤ የጋናው የአሻንቲ ወይም የናይጄሪያዋ የካኖ ታሪክ ከሽማግሌ አፍ የሚሰማ ተረት ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ በ1948 ሲነሳ የካምብሪጅና የለንደን ፈታኞች ተመካከሩ፤ ሁኔታውን አይቶ ሐሳብ እንዲያቀርብም ጆርጅ ባርከር ጄፍሪ የሚባል ሰው ተመረጠ። ጄፍሪ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ኢንስቲትዩት ኃላፊ ነበር፤ የሂሳብ ሊቅም ስለነበር የአንስታይንን የሪላቲቪቲ ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በ1949 መጨረሻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጉዞ ከመምህራንና ከባለሥልጣናት ጋር ተነጋገረ፤ በ1950 ባቀረበው ሪፖርትም የአካባቢው አገሮች የራሳቸው የጋራ ምክር ቤት ይኑራቸው አለ። በእንግሊዝ ቅኝ ሥር የነበሩት የአራቱም አገሮች ሕግ አውጪዎች ተቀበሉት። ካምብሪጅ ወዲያው እጁን አላወጣም፤ ለዓመታት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄ አውጪውም አራሚውም የአገሩ መምህር ሆነ። የአፍሪካ ታሪክ ገባ፤ ሐውሳ፣ ዮሩባና ኢግቦ የፈተና ትምህርት ሆኑ። የእንግሊዝ ቅኝ ያልነበረችው ላይቤሪያ በ1974 ተቀላቀለች።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ሰፈር ቀረብ እንበል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም ይህንኑ ሞክረው ነበር። በ1967 የምሥራቅ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ታንዛኒያ በ1971 ጥላው ወጣች። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ የፈተናውም ነገር አበቃለት፤ ኬንያ በ1980 የራሷን አቋቋመች። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ግን ያላዩት መከራ የለም፦ የናይጄሪያው የቢያፍራ ጦርነት፣ በላይ በላዩ የተደራረበ መፈንቅለ መንግሥት፣ የላይቤሪያና የሴራሊዮን እልቂት። ምክር ቤቱ ይህን ሁሉ አልፎ ዛሬም አለ። እንደኔ እንደኔ ያቆየው ወረቀቱ ድንበር ተሻግሮ የሚታመን መሆኑ ነው። የሞንሮቪያ ልጅ ውጤቱን ይዞ አክራ ቢሄድ ማንም «ይኼ ምንድን ነው?» አይለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ የያዘ ሕዝብ በቀላሉ አይለቀውም።

ውጤቱ ከኤ1 እስከ ኤፍ9 በዘጠኝ ደረጃ ይሰጣል፤ ቁርጡ ያለው ሲ6 ላይ ነው። የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንግሊዝኛን ጨምሮ በአምስት ትምህርት ቢያንስ ሲ6 ያስፈልጋል። ዲ7 ያመጣ ልጅ አልወደቀም ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን አይገባም። በአንዲት ነጥብ የሰው ዕድሜ እዚህና እዚያ ይከፈላል።

ያን ያህል ዋጋ ያለው ወረቀት ደግሞ ሌባ አያጣም። በ1977 የናይጄሪያው ፈተና በገፍ ሾልኮ ወጥቶ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን እስከማቋቋም ደርሷል። በ1984 ወታደራዊው መንግሥት ፈተና ላይ ያጭበረበረ እስከ 21 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ሃያ አንድ ዓመት! እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ የሚሰማኝ ሐዘን ነው፤ ለኩረጃ የልጅን ዕድሜ መውሰድ ፍርድ አይደለም። ደግሞም ኩረጃውን አላስቀረውም።

የቅርቡን ልንገራችሁ። በሜይ 2025 የእንግሊዝኛ ፈተና ቀን፣ ምክር ቤቱ ጥያቄው እንዳይሾልክ ብሎ ባደረገው ጥንቃቄ ወረቀቱ ዘገየ። በአንዳንድ የናይጄሪያ አካባቢዎች ጀምበር ጠልቃ ልጆቹ በባትሪና በሞባይል ብርሃን አጎንብሰው ጻፉ። ምክር ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም።

በኦገስት ውጤቱ ሲወጣ፣ እንግሊዝኛና ሂሳብን ጨምሮ በአምስት ትምህርት የሚፈለገውን ያገኙት 38.32 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ተተራመሰ፤ ወላጅ ልጁን፣ ባለሥልጣን መምህሩን መውቀስ ጀመረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ራሱ የውጤት ማያውን ገጽ ዘጋ። የሆነው እንዲህ ነው፦ ኩረጃን ለመከላከል የምርጫ ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ከወረቀት ወረቀት እንዲለያይ ተደርጓል። አንዱ ዘንድ ጥያቄ ቁጥር 5 የሆነው ሌላው ዘንድ 31 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት ወረቀት በራሱ የመልስ ቁልፍ መታረም አለበት። የእንግሊዝኛው ሲታተም ኮዱ ተሳሳተና የብዙ ልጆች ወረቀት በሌላ ወረቀት ቁልፍ ታረመ። እንደገና ሲታረም 38.32 በመቶ የነበረው 62.96 በመቶ ሆነ። በስንት ቤት ስንት ልጅ ባልሠራው ጥፋት እንደተረገመ አስቡት።

ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ በምክር ቤቱ ይስቃል፤ እኔ ግን አከብረዋለሁ። ስሕተቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ራሱ ያወጣውን ቁጥር ተጠራጥሮ፣ መርምሮ፣ ምክንያቱን ለሕዝብ ዘርዝሮ አረመ። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናችን ሾልኮ ሲሰረዝ ያየን ሰዎች ነን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ኩረጃው መዘጋቱን እደግፋለሁ፤ የትምህርታችን ድክመት መገለጡም ግድ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ፈታኙም አብሮ መፈተን አለበት። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚያወጡትን የክልል ትምህርት ቢሮዎችንም የምለምነው ይህንኑ ነው፦ ውጤት ስታወጡ እርማቱ እንዴት እንደተመረመረ አብራችሁ ንገሩን፤ ቅሬታ ላቀረበ ልጅም ወረቀቱ ዳግም ታይቶ ምን እንደተገኘ በዝርዝር መልሱለት።

እናንተም ወላጆች፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና ያያችሁት ልጅ የማይመስል ውጤት ይዞ ቢመጣ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ቀኑ ሳያልፍ ቅሬታውን አስገቡለት።