አንደበት ሲያዝ

አበው ዝምታን ያወድሳሉ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለውም ይመክራሉ። ምክሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ዝምታ የሚያስመሰግነው መናገር የሚችል ሰው ወዶና ፈቅዶ ሲመርጠው ነው። የሚናገረው ነገር በልቡ ሞልቶ ሳለ፣ አንደበቱ እየተያዘ ወይም መሣቂያ እሆናለሁ ብሎ እየፈራ ዝም ለሚል ልጅ ግን ዝምታ ወርቅ ሳይሆን እስራት ነው።

በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ከሁሉም ይልቅ የማስታውሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ያስተማርኩትን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። የጽሑፍ ፈተና በተሰጠ ቁጥር ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዱ እርሱ ነበር። ስሙ ሲጠራ ግን «አቤት» ለማለት ይቸገራል። የመጀመሪያዋን ድምፅ ለማውጣት ሲታገል አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ ዐይኑ ይጨፈናል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል። በዚህ መካከል ከኋላ መቀመጫ ሣቅ ይሰማል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁ ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ማንሣት ጀመረ። ቆየት ብሎም መልሱን እያወቀ «አላውቅም» በሚል አኳኋን ራሱን መነቅነቅ ለመደ። ልብ በሉ፤ መሣቂያ ከመሆን አላዋቂ መባልን መረጠ ማለት ነው።

ይህ ልጅ የነበረበት ችግር መንተባተብ ይባላል። የሚንተባተብ ሰው አንዱን ድምፅ ይደጋግማል፣ ወይም ያስረዝማል፣ አለዚያም ድምፁ ጉሮሮው ላይ ተይዞ ይቀርበታል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ100 ሕፃናት አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ከዐዋቂዎች መካከል የሚንተባተበው ግን ከ100 አንድ ያህል ብቻ ነው። ከሴቶች ይልቅም በወንዶች ላይ ይበዛል። ምንጩ በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌና አንጎል ንግግርን የሚያቀናጅበት መንገድ መሆኑን ምርምር አሳይቷል። ስለዚህ መንተባተብ የአእምሮ ድክመት ምልክት አይደለም፤ የቡዳም ሆነ የድንጋጤ ውጤት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ፍርሃትና ጥድፊያ ያባብሱታል።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ ምንባቡን በኅብረት እንዲያነቡ አደረግሁ። ያ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ አነበበ። አጠገቡ የተቀመጡት ዘወር ብለው አዩት። ይህ ተአምር አልነበረም፤ ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች በኅብረት ሲያነቡ ወይም ሲዘምሩ አንደበታቸው ይፈታል። ነገሩ ግን ለክፍሉ አንድ ትምህርት ሰጠ፤ የልጁ ምላስ ጉድለት እንደሌለበት ሁሉም በጆሮው ሰማ። ከዚያ በኋላ በንባብ ሰዓት ከአንድ ጓደኛው ጋር በጥንድ ያነብ ጀመር።

የንግግር ችግር መንተባተብ ብቻ አይደለም። «ር»ን በ«ል» የሚተካ ልጅ «መብራቱ በራ» ለማለት ሲፈልግ «መብላቱ በላ» ይልና ሰሚውን ግራ ያጋባል። ይህ በሕፃንነት የተለመደ ነው፤ ለትምህርት ከደረሱ በኋላ ሲዘልቅ ግን እርዳታ ያሻዋል። ሌላው ችግር ከላንቃ መሰንጠቅ ይመጣል። እስቲ «ም» በሉ፤ አየሩ በአፍንጫችሁ ይወጣል። ቀጥላችሁ «ብ» በሉ፤ ከንፈር አየሩን ሲያግት፣ የላንቃ የኋላ ክፍል ከፍ ብሎ ወደ አፍንጫ የሚያስኬደውን መንገድ ይዘጋል። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ግን ይህን መንገድ መዝጋት ስለማይችል «ብ»፣ «ት» እና «ስ»ን የመሳሰሉት ድምፆች በአፍንጫው ያፈተልኩበታል። ቀዶ ጥገና ስንጥቁን ይደፍናል፤ ምላስ የለመደውን አካሄድ እንዲለውጥ ማስተማር ግን ከዚያ በኋላ የሚከተል ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚሰወረው የቋንቋ ችግር ነው። ድምፆችን አጥርተው እየተናገሩ፣ ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር መረዳት ወይም ሐሳባቸውን በቅደም ተከተል ማስረዳት የሚሳናቸው ልጆች አሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከ100 ልጆች ሰባት ያህሉ እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው። መምህሩ «ደብተራችሁን አውጡና፣ ትናንት የጻፋችሁትን ካረማችሁ በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ ሥሩ» ሲል፣ እንዲህ ያለው ልጅ ደብተሩን አውጥቶ ይቀመጣል። ቀሪውን አልያዘውም። ሰነፍ የሚባለውም በዚህ የተነሣ ነው።

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የሚባለው ሰው እነዚህን ችግሮች ለይቶ ይረዳል። መሣሪያው ክኒንም መርፌም ሳይሆን ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ልጁ በሚገባ መስማቱ እንዲመረመር ያደርጋል፤ ጆሮ የአንደበት መምህር ነውና። ከዚያም ከንፈሩን፣ ምላሱንና ላንቃውን ይመለከታል፤ ሲጫወትና ሲያወራም ያዳምጠዋል። «ር» ለሚያስቸግረው ልጅ የበራ መብራትና የሚበላ ሰው ሥዕሎች ያቀርብለታል። ልጁ «በራ» ለማለት ፈልጎ «በላ» ካለ ባለሙያው የሚበላውን ሰው ያነሣል። ልጁም የአንድ ድምፅ ለውጥ ትርጉም እንደሚለውጥ በዐይኑ ያያል። ልምምዱ ከድምፅ ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም ወደ ጨዋታ ያድጋል። የሚንተባተበው ልጅ ቃልን በዝግታና በልስላሴ መጀመርን፣ ሲያዝም ሳይታገል መውጣትን ይማራል። ከሁሉ በላይ ከንግግር አለመሸሽን ይለማመዳል። ቋንቋ ለሚከብደው ልጅ ደግሞ መምህሩ ትእዛዙን አንድ በአንድ እንዲሰጠው ባለሙያው ያሳስባል።

ለዚህ ሥራ ፍሬያማነት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በዌምብሊ ያደረጉት ንግግር ለእርሳቸውም ለአድማጮቹም ጭንቅ ሆኖ አለፈ። በ1926 ላዮኔል ሎግ ከተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ ጋር ልምምድ ጀመሩ። መስከረም 3 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. አገራቸው ወደ ጦርነት መግባቷን ለሕዝባቸው በሬዲዮ ሲያስታውቁ ሎግ በዚያው ክፍል ውስጥ አብሯቸው ነበር። መንተባተቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ንጉሡ ግን ተናገሩ፤ ሕዝቡም ሰማ።

በአገራችን የዚህ ሙያ ሰዎች ገና በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከባለሙያው በፊት ልጁን የሚያገኙት መምህሩ፣ ወላጆቹና እናንተ የክፍል ጓደኞቹ ናችሁ። ከእናንተ የሚፈለገውም ከባድ ነገር አይደለም። ጓደኛችሁ ሲያዝበት ቃሉን ነጥቃችሁ አትጨርሱለት። «ረጋ በል»፣ «ተንፍስ» አትበሉት፤ ይህ ምክር መስሎ ውርደት ይሆንበታልና። ፊቱን እያያችሁ እስኪጨርስ ታገሡ፤ ለአነጋገሩ ሳይሆን ለተናገረው ነገር መልስ ስጡ። «ተብታባ»፣ «ኮልታፋ» እያላችሁ አትጥሩት፤ እናቱና አባቱ ያወጡለት ስም አለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የአንድ አፍታ ሣቅ የአንድን ልጅ አንደበት ለዓመታት ሊዘጋ ይችላል። ትዕግሥት ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዲፕሎማም አያሻውም።

መልመጃ

1. «ዝምታ ወርቅ ሳይሆን እስራት ነው» የተባለው ለምን ዓይነት ዝምታ ነው? በራሳችሁ አገላለጽ አስረዱ።
2. የላንቃ መሰንጠቅ «ብ»ን እና «ም»ን እኩል የማያውክበት ምክንያት ምንድን ነው?
3. «በራ» እና «በላ» በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ። እንደዚህ ያሉ አምስት ጥንድ ቃላት ፈልጋችሁ በየዐረፍተ ነገሩ አስገቧቸው።
4. «መናገር ስፈልግ ዝም ያልኩበት ቀን» በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።