የዓሣ ነባሪዎቹ ሸለቆ

ከካይሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የፋዩምን እርሻ አልፈው በረሃው ውስጥ ሲዘልቁ ዋዲ አል ሂታን ይደርሳሉ። በዐረብኛ «የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ» ማለት ነው። ዙሪያውን ነፋስ የቀረጸው ዐለትና አሸዋ ብቻ ነው። የዓሣ ነባሪዎቹ የጀርባ አጥንት ግን እንደ ጉቶ ተደርድሮ አሸዋው ላይ ይታያል።

የዛሬ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይህ በረሃ የጥንቱ የቴቲስ ባሕር ዳርቻ ነበር። የሞቱት እንስሳት ወለሉ ላይ ሰመጡ፣ ደለል ሸፈናቸው፣ አጥንታቸው ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ ሸሸ፤ ነፋሱም ቀስ በቀስ ገለጣቸው። ዩኔስኮ ሸለቆውን እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በጥር ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር ስንጎበኘው፣ ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍሁ ዓይኔ ያረፈው እግራቸው ላይ ነው። ባሲሎሳውረስ የተባለው ትልቁ ዓሣ ነባሪ ርዝመቱ ከ15 ሜትር ይበልጣል። ፊሊፕ ጊንግሪች የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የኋላ እግሩን አጥንቶች እዚሁ አገኙ። ጭን፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቁርጭምጭሚትና ጣት ሁሉ አለው። ያን ግዙፍ አካል ግን ሊሸከም የማይችል ትንሽ እግር ነው። ተመራማሪዎች የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች በየብስ ይራመዱ እንደነበር ከሚያስረዱባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ስሙ «ዓሣ» ቢልም እንስሳው በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል።

ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ዶሩዶን የተባለው ትንሹ ዓይነት ነው። የአንዳንድ ግልገሎቹ ራስ ቅል የጥርስ ምልክት አለበት። ተመራማሪዎች እንደሚሉት እናቶቹ ለመውለድ ወደዚህ ይመጡ ነበር፤ ባሲሎሳውረስም ግልገሎቹን ለማደን ይከተላቸው ነበር። የማዋለጃ ክፍልን ለሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ትንሹ የልጅ ልጄ ከመንገዱ ዳር ስብርባሪ አንሥቶ «እማማ፣ ለአስተማሪዬ ልውሰድላት?» አለኝ።

«ሐኪም የበሽተኛውን ካርድ ሳያነብ ምን ያውቃል?» አልሁት። «ይህ ሸለቆ ካርድ ነው። አንተ የያዝኸው አንድ ገጽ ነው።»

ጥቂት አሰበና ካነሣበት ቦታ መለሰው። ግልገሎቹ ምን እንደደረሰባቸው የታወቀው አጥንቶቹ በወደቁበት ስለቆዩ ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ አንድ አንድ ቢያነሣ ኖሮ ዛሬ የምናነበው ባልኖረ።

ለመሄድ የምታስቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ውኃና ባርኔጣ አትርሱ፤ መኪና በር ላይ ቆሞ ጉብኝቱ በእግር ነው። መሄድ ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ የአሞሌው ታሪክ አለ። የአፋር ዝቅተኛ ስፍራም በአንድ ወቅት በቀይ ባሕር ውኃ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ጨውና የኮራል ቅሪት ትቶ ደርቋል። ልጆቹን ወደዚያ የወሰደ ሁሉ ከመኪና ሳይወርዱ አንድ ነገር ይንገራቸው፦ ማየት ይቻላል፤ ማንሣት አይቻልም።